አልበሙን ሥራው፤ ትምህርቱን ግን አታቋርጥ

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ለጻፍክልኝ ወንድሜ፦

ነርሲንግ ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶሃል። ከሦስት ጓደኞችህ ጋር የመሠረታችሁት የሮክ ባንድ ደግሞ ዘጠኝ ዘፈን አዘጋጅቷል። የመጀመሪያ አልበማችሁን ለመቅዳት ትምህርቱን ለአንድ ዓመት ልታቋርጥ፣ ለስቱዲዮው ዘጠኝ ሺህ ዶላር ደግሞ እናትህ ጃንዋሪ ላይ የሚደርሳቸውን እቁብ ልትጠይቅ አስበሃል። እሳቸው «የሰው ቤት ሳጸዳ የኖርኩት አንተ ጊታር እንድትመታ ነው?» ብለውሃል።

ከእናትህ ልጀምር። አባባላቸው ልክ አይደለም። የሳቸው ልፋት የአንተን ዕድሜ ሙሉ አይገዛም። እቁቡ ግን የሳቸው ነው፤ አትጠይቃቸው። ከሰጡህ ደግሞ በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ አስተያየት መስጠት መብታቸው ይሆናል።

ደብዳቤህን ሁለቴ ያስነበበኝ «አንድ ዓመት» ያልከው ነው። ዘጠኝ ዘፈን ለመቅዳት አንድ ዓመት ምን ያደርግልሃል? ኒርቫና የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ በ1989 ሰብ ፖፕ በሚባል ትንሽ አሳታሚ ያወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን «ብሊች»ን የቀዳው በ30 ሰዓት ገደማ ነው። የስቱዲዮው ሂሳብ 606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነበር። ያ ገንዘብ በዛሬ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ቢሆንም ከዘጠኝ ሺህ ጋር አይገናኝም። ሂሳቡን የከፈለው ባንዱን የተቀላቀለው ጄሰን ኤቨርማን ነው። አልበሙ ላይ ምንም አልተጫወተም፤ ስሙ ግን ጊታሪስት ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ዓመት ከባንዱ ወጣ። ይህን የማነሳው አንተም ብቻህን ልትከፍል ስለሆነ ነው። ሌሎቹ ስንት እንደሚያዋጡ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክልኝም።

ነርሲንግ ደግሞ ስታቋርጠው እንደ ሌላው ትምህርት አይደለም። ክሊኒካል ላይ፣ ማለትም ሆስፒታል ገብታችሁ በምትወስዱት የተግባር ትምህርት ላይ፣ የተማሪ ቦታ የተቆጠረ ነው። አብረውህ የጀመሩት ካለፉ በኋላ ስትመለስ ወንበር እስኪገኝ ልትጠብቅ ትችላለህ። ከጨረስክ ግን ብዙ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ የሚሠራው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ነው። አራት ቀን ለራስህ ይተርፍሃል። የባንድ ልምምድ ላለበት ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም። እኔ ሌሊት ሺፍት እየገባሁ ነው ቀን የተማርኩት፤ ድካሙ የዋዛ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ እስከ ሰመር ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ተለማመዱ። ስቱዲዮ ገብቶ መለማመድ ነው ብር የሚበላው። ክሊኒካል በሌለበት ጊዜ ድራምና ቤዙን በሁለት የሳምንት መጨረሻ ስቱዲዮ ቅዱ። ጊታሩንና ድምፁን ቤት ጨርሱት። ሚክሱ ላይ፣ ማለትም የተቀዳውን ሁሉ አመጣጥኖ ማዋሃዱ ላይ፣ ግን አትሰስቱ፤ ለሚችል ሰው ክፈሉ። ወጪውን ለአራት ተካፈሉት። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ቅጂው የማን እንደሆነ፣ አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። ጓደኛሞች ነን አትበሉ።

ብሩ ከስትሪም ይመለሳል ያልከውን እርሳው። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፍልም።

አሳታሚ እንጠብቅ ወይ ላልከው፣ አትጠብቁ። ጎረቤትህ አርሊንግተን ያለውን ዲስኮርድ የሚባል የሙዚቃ አሳታሚ በ1980 የጀመሩት የራሳቸውን ባንድ ሙዚቃ ለማውጣት የፈለጉ ልጆች ናቸው። ውል ይዞ የሚመጣ ካለ፣ ዋሽንግተን ኤሪያ ሎየርስ ፎር ዘ አርትስ የሚባል ለአርቲስቶች የሕግ ምክር የሚሰጥ ድርጅት አለ፤ ሳታሳዩአቸው እንዳትፈርሙ። በአማርኛ እንዝፈን ወይስ በእንግሊዝኛ የሚለውን ለዘፋኛችሁ ተዉላት።

አንተ ግን መጀመሪያ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ተመዝገብ። የምዝገባው ቀን ሳያልፍብህ።