ያላየሁት ስብራት

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ እዚህ ጅማ መርካቶ አጠገብ ካለው ጋራዤ መጥታ «ጋሼ፣ አሉሚኒየምና ብረት ይበየዳሉ?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። ይህን ጥያቄ ከእሷ በፊት የጠየቀኝ አንድ ልጅ ብቻ ነበር።

1986 ዓ.ም.፣ ክረምት ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ከሰው አይሰማማም። ከአጋሮ የመጣ ዝምተኛ ረዳት ነበረኝ። ሲጠይቀኝ «አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ብረት ወደ 1500 ይፈልጋል። ብረቱ ገና ሳይግል አሉሚኒየሙ ውሃ ይሆናል። አበቃ!» አልኩት። ቁጥሩ ልክ ነበር። «አበቃ» ማለቴ ነው ጥፋቴ።

ምሳ በልቼ ስመለስ የአሉሚኒየም ዘንግ ቶርኖው (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን) ላይ አስሮ፣ እያሽከረከረ ከብረት ዘንግ ጋር አፋትጎ አጣብቋቸዋል። በሁለት እጁ ይዞ አሳየኝ። ተቀብዬ ሞርሳ ላይ አሰርኩና በመዶሻ አንዴ መታሁት። እንደ ብርጭቆ ቀጭ አለ። «አየህ?» አልኩት። ማሽን አበላሸህ ብዬ የሦስት ቀን ደመወዝ ቆረጥኩበት። ሰኞ አልመጣም። ስባሪውንም ከቁርጥራጭ ጋር ጣልኩት።

ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝ ስብራቱን አለማየቴ ነው። አሉሚኒየም ይጣመማል እንጂ ቀጭ አይልም። ቀጭ ያለው በመሃላቸው የተፈጠረው ሦስተኛ ነገር ነው፤ ሁለቱ ሲዋሃዱ የሚወለድ ስስ፣ ተሰባሪ ንብርብር። ሙቀቱ በበዛ፣ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ይወፍራል። ልጁ የጎደለው ሙቀቱን መቀነስ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እኔ በመዶሻ ስመታበት፣ ኬምብሪጅ አጠገብ ያለው የብየዳ ተቋም በማፋተግ እያማሰሉ መበየድን ከፈለሰፈ (እ.ኤ.አ. በ1991) ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

አባቴ በርጩማ ይጠርብ ነበር። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል መጋጠሚያ የለውም፤ እሱም መጋጠሚያ ያለው ዕቃ አያምንም ነበር። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በመጋጠሚያ ኖርኩ።

ስልክ ላይ ቪዲዮ አይታችሁ ያወቃችሁ ይመስላችኋል፤ ይህ ያናድደኛል። ያቺ ተማሪ ግን ያወቀችው ከዚያው ከስልኳ ነው፤ የነገረችኝም ሁሉ ትክክል ነበር። በማፋተግ እያማሰሉ ሲበየድ፣ ትከሻ ያለው ፒን፣ ማለትም ከወፍራም ዘንግ ጫፍ የወጣ አጭር ጣት፣ እየተሽከረከረ መጋጠሚያው ውስጥ ይገባል። ምንም አይቀልጥም፤ አሉሚኒየሙ እንደ ሊጥ ይለሰልስና ይማሰላል። ፒኑ የሚሄደው አሉሚኒየሙ ውስጥ ነው፤ የብረቱን ጠርዝ የሚፍቀው የሚሊሜትር ጥቂት አስረኛ ያህል ብቻ ነው። ብረቱም የፒኑ ዙር ከጉዞው ጋር በአንድ አቅጣጫ በሚሄድበት ጎን ይታሰራል። ሆንዳ በ2013 ሞዴል አኮርድ ላይ የፊቱን ሞተር ተሸካሚ ፍሬም በዚህ መንገድ ከብረትና ከአሉሚኒየም ሠርቷል።

መነጽር አድርጉ፣ እጅጌ ሰብስቡ የሚለውን አልደግምም። ማሽን ሳታውቁ አትንኩ ግን እላለሁ፤ ምንም እንኳ ያ ልጅ ሳያውቅ ነክቶ ከእኔ ይልቅ ለነገሩ ቢቀርብም። ደግሞ በዚህ ዝናብ መጋጠሚያውን ቀለም ሳትቀቡ አትተዉ፤ እርጥበት ካገኛቸው ቀድሞ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው።

ተማሪዋ ሚሊንግ ማሽን (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ልትሞክረው ነው። የመጀመሪያው ይሰበራል። ስብራቱን ሞረድ ሳታስነካ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላ ሐሙስ እንድታመጣልኝ ነግሬያታለሁ፤ አብረን እናየዋለን።

የአጋሮው ልጅ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ይህን ካነበበ ጋራዡ እዚያው ቦታ ነው። የሦስት ቀን ደመወዙም እኔ ጋ አለ።