አሮጌ ማሲ በግቢያችሁ ስትጠግኑ፦ ጥያቄና መልስ

አብዛኞቻችሁ ያላችሁ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ነው። ስለዚህ የምመልሰው ስለ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ነው። ሌላ ሞዴል ያለው አስቀድሞ ይናገር።

ከኢተያ፦ ጋሼ፣ ናፍጣ አልቆበት ቆመ። ሞልቼ ብሞክር ሞተሪኖው (የማስነሻ ሞተሩ) ያሽከረክራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። መካኒኩ ፖምፓው (ናፍጣ በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው) ይፈታ ይላል።

መልስ፦ ፖምፓውን እንዳታስነካ! መስመሩ አየር ይዞ ነው። በመጀመሪያ የማጥፊያው ገመድ ተመልሶ መግባቱን እይ፤ በዚህ ብቻ ስንቱ ሞተር አስፈትቷል። ከዚያ የናፍጣ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ራስ ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ ብሎን አላላ። በሞተሩ ጎን ያለችውን የናፍጣ መሳቢያ ማንሻ በእጅህ ደጋግመህ ግፋ። አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲወጣ አጥብቅ። ማንሻዋ ባዶዋን ከተንቀሳቀሰች ተበላሸች አትበል። የሞተሩ ካም (ገፊ ዘንግ) ገፍቶ ይዟታል፤ ሞተሩን ትንሽ አዙርና ድገም። ቀጥለህ የፖምፓውን ማስተንፈሻዎች እንዲሁ አድርግ። በመጨረሻ የኖዝሎቹን (የናፍጣ ረጪዎቹን) ቱቦ ዳዶ አላላ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ስጥና በሞተሪኖ አሽከርክር። ናፍጣ ሲመጣ አጥብቅ። እጅህን አርቅ፤ ግፊት ያለው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።

በማግስቱ አየር ከያዘ ፊልትሮ ስትቀይር አሮጌው የጎማ ቀለበት እላይ ተጣብቆ ቀርቷል። አዲሱን በላዩ ደርበህበታል ማለት ነው።

ከሁመራ፦ የኔ ኃይል የለውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጭሱ ጥቁር ነው ነጭ? ሲሞቅ ነው ከመነሻው? የአየር ማጣሪያውን መቼ አጠብከው? ይህን ይዘህ ተመለስ።

ከሮቤ፦ ቁልፉ አይሠራም። ሞተሪኖውን በካቻቢቴ እያገናኘሁ ነው የማስነሳው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አንተ ጎማው ፊት ቆመህ ማርሽ ውስጥ ከሆነ ትራክተሩ ተነስቶ በላይህ ይሄዳል። ስንት ሰው በዚህ ሞቷል። ማስነሻ ከወንበር ላይ ብቻ! የኤሌክትሪኩን ነገር ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጠው።

ከመተማ፦ እኛ ናፍጣው ላይ ላምባ እንቀላቅላለን። ኖዝል ያጥባል።

ከሮቤ፦ እውነት ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ነው ያረሰው።

ከቢሾፍቱ፦ ማሲውን ሽጣችሁ ቤላሩስ ግዙ፤ ናዝሬት ይገጣጠም የነበረውን። ምንም ብትሰጡት ይበላል።

ከመተማ፦ ቤላሩስ? ክረምት ላይ አስነስተኸው ታውቃለህ?

መልስ፦ የቤላሩሱን ክርክር ሻይ ቤት ጨርሱት። ላምባው ግን አይሆንም። የዚህ ሞተር ፖምፓ የራሱ ዘይት የለውም። የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ነው። ናፍጣውን ባቀጠንክ ቁጥር ብረት ከብረት ይፋጫል። ውሃም እንደዚያው ይገድለዋል። የፊልትሮውን ታች ፈትታችሁ ውሃውን አፍስሱ፤ በርሜል ከሆነ የምትቀዱት በየጊዜው። ፖምፓ የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ቆሻሻ ናፍጣ ነው።

ከአሰላ፦ ጋሼ፣ የሞተር ዘይቱ ሳልጨምር ከፍ እያለ ነው። ባለቤቴ ደግ ነው፣ አልቀነሰም ይላል።

መልስ፦ ደግ አይደለም፣ እህቴ። አሽትቺው። ናፍጣ ከሸተተ የናፍጣ መሳቢያዋ የውስጥ ጎማ ተቀዶ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። የቀጠነ ዘይት የክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ኩሽኔታ ይበላል። መሳቢያዋን ቀይሪ፣ ዘይትና ፊልትሮ ለውጪ። እስከዚያ አታስነሺው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ናፍጣ አልቆብኝ አልነሳ አለ። ፖምፓ ልግዛ?

መልስ፦ የኢተያውን አንብብ።

ከደብረ ማርቆስ፦ እሱ አየር ነው፣ የኔ ግን...

መልስ፦ አንብብ አልኩህ እኮ።

ከኢተያ፦ ተነሳ ጋሼ! የቫልቭ ክፍተቱስ?

መልስ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ከሆነ 0.30 ሚሊሜትር፣ ሞቆ 0.25። ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ግን ሳያስፈልግ አትንካ።

ከሁመራ፦ ፍሪሲዮን (ክላች) በቤት ይቀየራል?

መልስ፦ ትራክተሩን ለሁለት መክፈል ነው። ጠንካራ ድጋፍ ከሌለህ አይሆንም። በክሪክ ብቻ ተነስቶ ማንም ሥሩ እንዳይገባ! ጭሱንስ አየኸው?

ከጎንደር፦ የሃይድሮሊኩ ዘይት ወተት መሰለ።

መልስ፦ ውጭ ዝናብ ላይ ያድራል አይደል? ውሃው የሚገባው በማርሽ ዘንጎቹ ሥር ባለው የጎማ ሽፋን በኩል ነው፤ ሲሰነጠቅ ማንም አያየውም። በዚህ ትራክተር የካምቢዮውና (የማርሽ ሳጥኑና) የሃይድሮሊኩ ዘይት አንድ ስለሆነ ሁለቱንም ይጎዳል። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስስ፣ ጎማውን ቀይር፣ አዲስ ሙላ። ጎማው እስኪገኝ በፕላስቲክ ጠቅልለህ እሰረው።