ስልሳዋ ብር

ልጆቼ፣

የጎረቤቴ ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት በሞላው ሰሞን ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ወረቀት አንድ ሺህ ብር ተበደርኩ!» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ባንክ ብድር ክፍል ስሠራ እንደዚህ ደስ ያለው ተበዳሪ አላየሁም። ስንት እንደሚመልስ ጠየቅሁት። «በወሩ 1,060። ስልሳዋ የአገልግሎት ክፍያ ናት፤ ወለድ የለውም።»

ወረቀት አውጥተን አሰላን። ያንኑ ብድር በየወሩ እየከፈለ መልሶ ቢወስድ ዓመቱ ሲያልቅ 720 ብር ከፍሏል፤ ሺህ ብሩ ደግሞ አሁንም ዕዳው ነው። በዓመት 72 በመቶ መሆኑ ነው። ያው ሺህ ብር በ7 በመቶ ቁጠባ ቢቀመጥ የሚወልደው 70 ብር ነው። ወለድ አሉት የአገልግሎት ክፍያ፣ የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው። ብድሩን አላወገዝኩትም። ለታመመ ሰው ወይም በሳምንት ተሸጦ ለሚያተርፍ ዕቃ ቢሆን ስልሳ ብር አይበዛም። እሱ ግን ጫማ ነው የገዛበት። (ጫማው ያምራል፣ አልዋሽም።)

«ቆጥቡ ትሉናላችሁ፣ ብሩ እየረከሰ» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የባንክ ወለድ አልደረሰበትም። እኔ የምለው የሁለት ሦስት ወር ወጪ ለክፉ ቀን ባንክ ይቀመጥ፣ የተረፈው ሙያ ወይም የሥራ ዕቃ ይግዛ ነው።

ዕቁብን እንደ ቁጠባ ብቻ አትዩት። ዐሥራ ሁለት ሰው በየወሩ ሺህ ሺህ ብር ቢጥል፣ መጀመሪያ የወጣለት አንድ ሺህ ጥሎ 12,000 ይወስዳል። ስለዚህ የ11,000 ብር ባለዕዳ ነው። መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲያበድር ከርሟል። የዕቁቡ ዳኛ ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት ዋስ አምጣ የሚለው ወዶ አይደለም።

ዋስ ካልኩ የራሴን ጉድ ልናገር። ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ውል ሳነብ የምውል ሰው፣ ለሥራ ባልደረባዬ ሳላነብ ፈረምኩ። ሻይ እየጠጣን ነበር፤ ማንበብ እሱን መጠርጠር መሰለኝ። ሰውየው ሥራውን ለቆ ጠፋ፤ ከእኔ ደሞዝ ዐሥራ አራት ወር ተቆረጠ። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ነበር። ሐረጉ ባይኖር ኖሮ መጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት ይፈለግ ብዬ መከራከር እችል ነበር። ያን ሐረግ ካያችሁ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። የገንዘቡንም ልክ ፈልጉ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም።

ዛሬ ፈርምልኝ የሚል ሲመጣ፣ ባይከፍል ከፍዬለት ወዳጅነታችን ይተርፋል ወይ ብዬ አስባለሁ። አይተርፍም ካልኩ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ።