ያላያችኋትን ወፍ የለችም አትበሉ

ሰሞኑን አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ «ጋሼ፣ ጨፌውን ዞሬ ፍላፍቴይል የምትባለውን ወፍ ካጣኋት ቅጹ ላይ ዜሮ ብዬ ልሙላ?» ስትል ጠየቀችኝ። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ይሞላል። ስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት፣ ውሃው እስከ የት ሞልቶ ሳለ እንደፈለገ ካልተጻፈበት ግን ያ ዜሮ ለማንም አይረባም። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በርጋ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም አቅጣጫ ያለ ጨፌ ነው። ነጭ ክንፏ ፍላፍቴይል፣ በረግረግ ሣር ውስጥ ተደብቃ የምትኖር ብርቅዬ ወፍ፣ እዚያ መኖሯ የታወቀው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በፊት በሱሉልታ ታይታለች። ርዝመቷ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በክረምት ቄጠማው ውስጥ ትፈለፍላለች። እኛ የምንፈልጋት በገመድ ነበር። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ቄጠማውን እየዳሰሰ ይጓዛል፤ ሌሎቻችን ከኋላ እንከተላለን። ድንገት ከእግራችን ሥር ትነሣለች፤ እግሯ ተንጠልጥሎ፣ የክንፏ ነጭ ብልጭ ብሎ፣ ጥቂት ሜትር በርራ ትወድቃለች። ከዚያ በኋላ ብትሮጡም አትነሣም፤ እንደ አይጥ በሣሩ ሥር ሹልክ ትላለች።

አንድ ቀን ምሽት፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃችንን ስናራግፍ፣ ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት መጡ። ከወፍራሙ ቄጠማ ውስጥ ሌሊት የሚሰሙት ድምፅ እንዳለ፣ ክረምቱ ሲገባ ጀምሮ መስከረም ሳይጠባ እንደሚያቆም በእጃቸው ቦታውን እያሳዩ ነገሩን። በዚያን ጊዜ የወፏ ድምፅ በሳይንስ በእርግጠኝነት አይታወቅም ነበር። እኔ አድረን እንስማ አልኩ። የቡድኑ ኃላፊ ቅጹ የድምፅ ዓምድ የለውም፣ መኪናውም ይመለሳል አለ። ተመለስን። በሚቀጥለው ክረምት ስሄድ አዛውንቱ አርፈው ነበር፤ ያሳዩንም ቦታ ከብት ገብቶበት ሜዳ ሆኗል። በ2018 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ሚደልፑንት ረግረግ ተመራማሪዎች የወፏን ድምፅ በመቅጃ ሲይዙ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ግን ሌሊቱን ሁሉ አሰብኩ። እኚያ ሰው የሰሙት እርሷን ይሁን ሌላ ወፍ አሁን ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

እናንተ ወጣት ተመራማሪዎች ሂሳቡን ከእኛ በተሻለ ታውቃላችሁ። በአንድ ጉብኝት የማግኘት ዕድላችሁ 30 በመቶ ነው እንበል፤ ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ ብታጧትም፣ ወፏ እዚያው እያለች የማጣታችሁ ዕድል 34 በመቶ ገደማ ነው። ይህን በኮምፒውተር ማስላት ለዛሬ ወጣት ቀላል ነው። ቅር የሚለኝ ጨፌውን ሳይረግጡ ካርታ የሚሠሩት መብዛታቸው ነው። ካሜራ እግርን አይተካም ስል ኖሬአለሁ፣ አሁንም እላለሁ፤ ሆኖም ገንዘብ ባገኝ መጀመሪያ የምገዛው ጨፌው ውስጥ ተተክሎ በራሱ የሚያነሣ ካሜራና የድምፅ መቅጃ ነው፤ የወፏ ጎጆ ላይ አይረግጡምና። በመራቢያ ወቅት ገመድ መጎተት ይቅር።

ስለ መኖሪያዋ ስትጽፉ የቄጠማውን ቁመትና የውሃውን ጥልቀት ብቻ አትለኩ። ከብቱ መቼ እንደገባ፣ ድርቆሹ መቼ እንደታጨደ ከገበሬዎቹ ጠይቁ። ጫጩቶቹ ሳይወጡ ጨፌውን ከብት እንዳይገባበት የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። ቅጹ ቦታ ከሌለው ጀርባው ላይ ጻፉት፤ ስማቸውንም ከፈቀዱ አስፍሩ።