ቁም ሳጥኑ ሙሉ፣ የሚለበስ ግን የለም

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጆች መልስ

ከእናቶች የሚደርሱን የአለባበስ ጥያቄዎች ብዙዎቹ «ምን ልግዛ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። የዚህ ወር መልሶቻችን ግን ከሱቅ ይልቅ ወደ ልብስ ሰፊ፣ ወደ ካውያና ወደ ሜትር የሚልኩ ሆነዋል።

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትንሿ ገና ስምንት ወሯ ነው። ቢሮ ነው የምሠራው። ከወሊድ በፊት የነበሩኝ ሱሪዎች አልዘጋ አሉ፣ ቀሚሶቹ ደረቴ ላይ ይጠባሉ። እስክከሳ ብዬ አዲስ ነገር አልገዛሁም። ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ ልብስ ከምሬ፣ መጨረሻ ላይ ያንኑ ጥቁር ታይትና ሰፊ ሹራብ ለብሼ እወጣለሁ። ከየት ልጀምር?
*የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ*

«እስክከሳ» የሚለውን ቀጠሮ ይሰርዙት። ከወሊድ በኋላ ክብደት ወደ ቀድሞው ቢመለስ እንኳ ዳሌና የጎድን አጥንት ሰፋ ብለው ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ የድሮው ሱሪ በድሮው ኪሎም ላይዘጋ ይችላል።

ልጆቹን የሚይዝልዎት ሰው ሲገኝ ያለዎትን ልብስ ሁሉ አንድ በአንድ ይለኩ። መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ መቆም ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ይቀመጡ፤ ልጅ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ይበሉ፤ አውቶቡስ ውስጥ የላይኛውን ብረት እንደሚይዝ ሰው ክንድዎን ይዘርጉ። ሲቀመጡ ሆድ የሚቆርጥ፣ ሲጎነበሱ ወገብ የሚያሳይ፣ ክንድ ሲነሳ አብሮ ሽቅብ የሚወጣ ልብስ ለእርስዎ ውሎ አይሆንም። ልብስ ሰፊ ሊያድነው የሚችለውን ለብቻ ያስቀምጡ፤ የማይድነውን በሻንጣ አድርገው ከዓይን ያርቁት። ጠዋት አልጋ ላይ የሚከመረው ልብስ የሚመጣው የሚሆነውና የማይሆነው ተደባልቆ ከመሰቀሉ ነው።

ሱሪዎቹን ወደ ልብስ ሰፊ ከመውሰድዎ በፊት ገልብጠው ከኋላ መሐል ላይ ያለውን ስፌት ይመልከቱ። በግራም በቀኝም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ጨርቅ ካለ በጠቅላላው እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ርካሽ ሱሪዎች ላይ ትርፉ ብዙ ጊዜ 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ወገቡን በሁለቱም ጎን ከፍቶ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሰፊ ላስቲክ ማስገባት ነው። ከላይ ሸሚዝ ሲወርድበት አይታይም፤ ከምሳ በኋላም አይጨንቅም።

ደረት ላይ የሚጠበውን ቀሚስ ከብብት እስከ ወገብ ባለው የጎን ስፌት ማስፋት ይቻላል። ልብሱ በፀሐይና በእጥበት ደብዝዞ ከሆነ ግን ተደብቆ የነበረው ጨርቅ ደማቅ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሽፎንና ሐር መሰል ጨርቅ ላይ ደግሞ የድሮው መርፌ ቀዳዳ አይጠፋም። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ፈትቶ ያሳይዎት፤ ካማረ ይቀጥል። የትከሻው ስፌት ከትከሻ አጥንትዎ አልፎ ወደ ክንድ የወረደ ልብስ ላይ ግን ገንዘብ አያፍስሱ። እጅጌውን ፈቶ እንደ አዲስ መስፋት ስለሚጠይቅ የእጅ ዋጋው ከልብሱ ሊበልጥ ይችላል።

ታይትና ሹራቡን ጣሉ አንልዎትም። ታይቱን እጅዎ ላይ ወጥረው ይዩት፤ የቆዳዎ ቀለም ከታየ ቀሚስ ሥር የሚለበስ እንጂ ሱሪ አይደለም። የሹራቡ ጫፍ ዳሌ እጅግ በሰፋበት ቦታ ላይ ካለቀ ዓይን እዚያው ይቆማል። ወይ ዳሌ አጥንት ላይ ይጨርስ፣ ወይ እስከ ጭን አጋማሽ ይውረድ። ሰፊ ልብስ ደስ የሚለው ከላይ ወይም ከታች አንዱ ብቻ ሰፊ ሲሆን ነው።

ለሥራ ሳምንት ሁለት ሱሪ፣ አንድ ጉርድ ቀሚስና አምስት የላይ ልብስ ይበቃል። ሁሉም እርስ በርስ የሚስማሙ ከሆነ 15 ዓይነት አለባበስ ይወጣቸዋል። ለዚህ የታችኞቹ ሦስቱ አንድ ቤተሰብ ይሁኑ፦ ጥቁር ሰማያዊና ግራጫ፣ ወይም ቡናማና ክሬም። ለላይኛው ግን ጥቁር አንመክርም፤ የወተት ጠብታና የጨርቅ ብናኝ አጉልቶ ያሳያል። ፈካ ያለ አንድ ወጥ ቀለም ደግሞ ዘይት አይደብቅም። ጠቆር ባለ መደብ ላይ ደቃቅ አበባ ወይም ነጠብጣብ ያለበት ሸሚዝ ሁለቱንም ይሸፍናል።

የሳምንቱን ልብስ እሑድ፣ መብራት ሳለ፣ በአንድ ጊዜ ይተኩሱ። ካውያውን ዝቅተኛ ሙቀት በሚፈልገው ይጀምሩ፦ በካውያው ማስተካከያ ላይ የሙቀት ደረጃ በሚያሳዩት ነጥቦች ሲታይ፣ በአንድ ነጥብ ናይለንና አክሪሊክ፣ በሁለት ፖሊስተርና ሱፍ፣ በሦስት ጥጥ። ካውያ ቶሎ ይሞቃል፣ ለመብረድ ግን ይዘገያል፤ ከጥጥ ጀምረው ወደ ፖሊስተር ሲሄዱ ነው ጨርቅ የሚያብረቀርቀው ወይም የሚቀልጠው። የላዩንና የታቹን በአንድ መስቀያ ላይ አብረው ይስቀሉ። ጠዋት ደግሞ ሸሚዙ የሚለበሰው ልጅ ጠብታ፣ አግስታ ካበቃች በኋላ፣ ከበር ለመውጣት ሲቃረቡ ይሁን።

መምህርት ነኝ፣ አጠባለሁም። ሸሚዝ ስለብስ ደረቴ ላይ በቁልፎቹ መካከል እየተከፈተ ያሳፍረኛል። ሰፋ ያለ ስገዛ ደግሞ ትከሻው ይወድቅብኛል።
*ከባሕር ዳር*

ሸሚዙን ከመውቀስዎ በፊት ጡት መያዣውን ይፈትሹ። ብዙ እናቶች ከእርግዝና በፊት በነበረው ቁጥር ይቀጥላሉ፤ ማጥባት ሲጀመር ግን ልኩ ይለወጣል። ሜትሩን ከጡት ሥር ጠበቅ አድርገው፣ አየር አስወጥተው ይለኩ፤ ከዚያ ጡት በሞላበት ላይ ሳያጠብቁ ይለኩ። ከሥር ከ73 እስከ 77 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቁጥርዎ 75 ነው፤ ከ78 እስከ 82 ከሆነ 80፣ ከ83 እስከ 87 ከሆነ 85። ገበያ ላይ 34፣ 36፣ 38 ተብለው የተጻፉት በቅደም ተከተል እነዚሁ ናቸው። ከላይኛው ልክ የታችኛውን ሲቀንሱ ከ14 እስከ 16 ከመጣ ጡት የሚገባበት የኩባያው መጠን ቢ፣ እስከ 18 ሲ፣ እስከ 20 ዲ ነው። ለምሳሌ ከሥር 79፣ ከላይ 96 የለካች እናት ልዩነቷ 17 ስለሆነ 36 ሲ ትገዛለች። ጡት ከማጥባት በፊትና በኋላ መጠኑ ስለሚለያይ በሁለት ማጥባት መሐል ይለኩ።

ክብደቱን የሚሸከመው የጀርባው ቀበቶ ነው እንጂ ማንገቻው አይደለም። ቀበቶው ከኋላ ወደ ላይ ከወጣ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ማንገቻውን ማሳጠር ትከሻ ከማረስ በቀር አይረዳም። አዲስ ሲገዙ በመጨረሻው፣ በሰፊው መንጠቆ ላይ ልክ የሚሆንዎትን ይምረጡ። ላስቲኩ እየላላ ሲሄድ ወደ ውስጠኞቹ መንጠቆዎች ያልፋሉ። በነጭ ሸሚዝ ሥር ደግሞ ነጭ ሳይሆን ከቆዳዎ ቀለም ጋር የሚቀራረብ ይልበሱ፤ ነጭ በነጭ ሥር ይታያል።

ሸሚዙን ለደረትዎ የሚሆን ይግዙና ወገቡንና ጎኑን ያስጠብቡ፤ ይህ ለልብስ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። ትከሻው መጀመሪያውኑ ልክ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። በሚከፈተው ቦታ ላይ፣ በሁለቱ ቁልፎች መሐል፣ ተጫኖ የሚዘጋ ትንሽ የብረት ቁልፍ ከውስጥ ያሰፉ። ከውጭ አይታይም፣ ለማጥባትም በአንድ እጅ ይከፈታል።

ለቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሼ ከወጣሁ ሳልቆሽሽ ተመልሼ አላውቅም። አንዱ ልጅ ወጥ ያስነካኛል፣ ሌላው ያስመልስብኛል። በበረኪና ሳጥበው ጥለቱ ደበዘዘ፣ ነጩም ወደ ቢጫ ሄደ። ምን ይሻላል?
*ከጎንደር*

በረኪናን ከሀበሻ ልብስ ያርቁት። የጥጡን ክር ያደክማል፣ የጥለቱን ቀለም ይበላል፣ የሚያብረቀርቅ ክር ካለበትም ያጠቁረዋል።

እድፍ እንደ ዓይነቱ ነው የሚታጠበው፤ ሁሉን በሙቅ ውኃና በሳሙና መፈተግ የሚያበላሸው ይበዛል። ልጅ ያስመለሰው፣ ወተት፣ እንቁላልና ደም መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይለቀቃሉ። ፕሮቲን ስለሆኑ ሙቅ ውኃ ክሩ ላይ ያበስላቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ አይወጡም። ወጥና ቅቤ ሲነካ ደግሞ ውኃ አይቅደም። በሶፍት ጫን ጫን አድርገው ቅባቱን ያንሱት እንጂ አይሹት። የሕፃን ፓውደር ወይም የተፈጨ ጠመኔ ነስንሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት። አራግፈው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ጠብታ ያድርጉበት፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ከጨርቁ ጀርባ በኩል ለብ ባለ ውኃ ያውጡት። ከፊት በኩል ከፈሰሰ እድፉን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

አልጫ ወጥ ለብቻው መነጋገሪያ ነው። እርድ ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ብዙ ሰው የባሰ መስሎት ደንግጦ በረኪና የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ የተለወጠው በሳሙናው ምክንያት ነው፤ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። የቀረውን ቢጫ እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም፣ በአንድ ሁለት ቀን ይነጣል። ፀሐይ የጥለቱንም ቀለም ስለሚያደበዝዝ ጥለቱን በሌላ ጨርቅ ይሸፍኑት።

አዲስ ልብስ ከመታጠቡ በፊት ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ይሞክሩ። ነጭ ጨርቅ አርጥበው በጥለቱ ውስጠኛ ወገን ላይ አንድ ደቂቃ ይጫኑ። ቀለም ከነካው ልብሱ መዘፍዘፍ የለበትም፤ በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ ታጥቦ ሳይታጠፍ ወዲያው ይሰጣ። ነጠላ ከሆነ መሐሉን ገመዱ ላይ አድርገው ሁለቱም ጥለቶች ወደ ታች ይንጠልጠሉ፤ ቀለም ቢለቅ እንኳ ነጩን ሳይነካ ይወርዳል። ቀሚስ ከሆነ ጥለቱ መሐል ለመሐል ስለሚወርድ ዘርግተው፣ ፊቱና ጀርባው እንዳይነካኩ ውስጡ ደረቅ ፎጣ አድርገው ያድርቁት። ካውያም ከውስጥ ወገን ይሁን።

ንጹሕ መስሎ የታየን ልብስ ሳያጥቡ ለዓመት በዓል ማስቀመጥ ሌላው የቢጫነት ምክንያት ነው። ዓይን ያላየው ላብና ቅባት በወራት ውስጥ ይለወጣል። አጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ በፌስታል ሳይሆን በጥጥ ትራስ ልብስ ውስጥ ያኑሩት። ለልጅ ማዘያና መጥረጊያ ደግሞ ሁለተኛ፣ ወፍራም ነጠላ ይያዙ፤ ጥሩው ነጠላ ያንን ሥራ መሥራት የለበትም።

አባያና ሒጃብ ነው የምለብሰው። በክረምት ጫፉ በጭቃ ይበላሻል፣ ስራመድ እግሬ ላይ ይጣበቃል፣ ሕፃኑ ደግሞ የሒጃቤን መርፌ ቁልፍ ይጎትታል።
*ከደሴ*

የአባያውን ቁመት የሚያስለኩት አዘውትረው በሚያደርጉት ጫማ ይሁን። ለደረቅ ወቅት ጫፉ ከመሬት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ለክረምት 5። ልብስ ሰፊው ትርፉን ቆርጦ ሳይጥል ወደ ውስጥ አጥፎ ይስፋው፤ ወደፊት ማስረዘም ከፈለጉ ይገኛል። እግር ላይ የሚጣበቀው የፖሊስተር ጨርቅ በፍትጊያ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ነው፤ ከውስጥ ጉርድ የጥጥ ገበር ሲለብሱ ይቀንሳል።

መርፌ ቁልፉን በማግኔት መተካት የሚያምር ቢመስልም ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት አናበረታታም። ሕፃን ከአንድ በላይ ማግኔት ከዋጠ አንጀቱ ውስጥ ተሳስበው ከባድ ጉዳት ያደርሳሉ። የሚሳብ የጥጥ ጀርሲ ጨርቅ ከሥሩ የጥጥ ቆብ ሲደረግለት ያለ መርፌ ጠቅልሎ ሰክቶ ይቆማል። ምድጃ ዘንድ ለሚውል ሰው ሰፊው እጅጌ ጫፉ ላይ ላስቲክ ይግባበት፤ እሳት እንዳይይዝም፣ ወጥ ውስጥ እንዳይገባም።

ሳልባጅ ስገዛ ቤት ደርሼ ነው ጉዱን የማየው። ምን ምኑን ልይ?
*ከአዳማ*

ብብቱን፣ የኮሌታውን ውስጥና የሱሪውን የጭን መገናኛ። ልብስ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። ወደ ብርሃን ያንሱት፤ የሳሳ ቦታ ወዲያው ያሳብቃል። ላስቲክ ወጥረው ይልቀቁት፤ ካልተመለሰ ሞቷል። ዚፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ይዝጉ ይክፈቱ፤ ጥርሱ የተሰበረ ከሆነ አጠቃላይ መቀየር ነው። ቁልፍ ማጣት ግን አያሳስብ፤ ዋጋ ለማስቀነሻ ይጠቅማል። የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ፣ በየአገሩ ይለያያል። ቤት ካለ፣ ልክ ከሆነልዎት ልብስ ላይ የትከሻ፣ የደረትና የወገብ ስፋቱን ለክተው ይዘው ይሂዱ።

ከሁለተኛው ልጅ በኋላ ጫማዎቼ ሁሉ ጠበቡኝ። እግር ያድጋል እንዴ?
*ከሐዋሳ*

ያድጋል። በእርግዝና ጊዜ የእግር ጅማቶች ይላላሉ፣ የውስጥ እግር ቅስቱም ዝቅ ይላል፤ አንዳንድ እናት ላይ የግማሽ ቁጥር ለውጡ በዚያው ይቀራል። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይለኩ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይቅር። ልጅ ለሚያዝል ሰው ፍጹም ጠፍጣፋ ከሚሆን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሰፊ ታኮ ያለው ይሻላል። አንዱን ጥንድ በየቀኑ ከማድረግ ሁለት ማፈራረቅ ይመረጣል፤ የእግር ላብ ጠጥቶ የዋለ ቆዳ ለመድረቅ አንድ ቀን ይፈልጋል። ዝናብ ሲመታው ውስጡን ጋዜጣ ይሙሉትና ከፀሐይና ከምድጃ አርቀው ያድርቁት።