ውሳኔው ከመዝገቡ፣ ምክንያቱ ከጠበቃው ደብተር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሕግ ተማሪ ነኝ። ለሕግ ታሪክ ትምህርት የሮበርት ትሪት ፔይንን የግል ወረቀቶች ርዕሴ አድርጌያለሁ። ማሳቹሴትስ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች ጠበቃ የነበረ፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ዳኛ የሆነ ሰው ነው። ማውጫውን ሳየው ደብዳቤ፣ የችሎት ማስታወሻ፣ የሒሳብና የዕለት ማስታወሻ ደብተር ነው የሞላው። ጓደኞቼ «የፍርድ ቤቱ መዝገብ እያለልህ የአንድ ጠበቃ ጭረት ምን ያደርግልሃል?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እውነት ምን ያደርግልኛል? ከገባሁበትስ ከየት ልጀምር?
ግራ የገባው ተማሪ

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኞችህ የዛሬን ችሎት እያሰቡ ነው። ዛሬ ዳኛ ፍርዱን ከነምክንያቱ ይጽፋል፤ ይፈርምበታል፤ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። ፈልገህ ታነበዋለህ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማሳቹሴትስ ግን እንዲህ አልነበረም። ዳኞቹ አስተያየታቸውን ከወንበራቸው ሆነው በቃል ነው የሚናገሩት። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። ጁሪው (ፍርድ እንዲሰጡ ከሕዝቡ ተጠርተው የሚቀመጡት ሰዎች) «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ይልና ይነሳል። ጸሐፊው ማን ማንን እንደከሰሰ፣ በስንት ገንዘብ፣ ማን እንደረታ፣ ወጪና ኪሳራው ስንት እንደሆነ ያሰፍራል። በቃ። «ለምን እንዲህ ተፈረደ?» ብለህ መዝገቡን ብታገላብጥ መልስ የለም።

የታተመ የውሳኔዎች መድበልም አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የወጣው በ1789 ኮነቲከት ውስጥ ነው፤ ያሳተመውም ኤፍሬም ከርቢ የሚባል ጠበቃ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) ማሳቹሴትስ ውሳኔዎችን መዝግቦ የሚያሳትም ሹም ያገኘችው በ1804 ነው። ከዚያ በፊት «ፍርድ ቤቱ አምና እንዲህ ባለ ጉዳይ ምን ብሎ ነበር?» ያለ ሰው ወይ የራሱን ደብተር ይገልጣል፣ ወይ የባልደረባውን ይለምናል። የቦስተኑ ጠበቃ ጆሳያ ኩዊንሲ ታናሹ ከ1761 እስከ 1772 ያሉትን የችሎት ክርክሮች በማስታወሻ ይዞ ነበር። ይህ ማስታወሻ የታተመው በ1865 ነው። ሰውዬው ከሞተ 90 ዓመት አልፎት ማለት ነው። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ፍርድ ቤት የሚጽፍ ሁሉ ይጠቅሰዋል።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ውስጥ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ወረቀት አዳላለሁ። ይህን እያወቅህ አንብበኝ።

ወደ ሰውህ ልመለስ። ፔይን በ1749 ከሃርቫርድ ተመረቀ። አስተማሪ ሆነ፣ መርከብ ላይ ሠራ፣ ግሪንላንድ ድረስ ዓሣ ነባሪ ለማደን ሄደ፣ ሰበከም። ይህ ሁሉ አልሆን ሲለው ሕግ አጠና፤ በ1757 ጠበቃ ሆነ። በ1776 የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ ነው። ከ1777 እስከ 1790 የማሳቹሴትስ የመጀመሪያው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያ እስከ 1804 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። የሞተው በ1814 ነው። ጠባዩ ላይ ምስክር አይጠፋም። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ጠበቃ ጆን አዳምስ ገና ጎረምሳ ሳለ በዕለት ማስታወሻው ላይ ትዕቢተኛ፣ ከሚያውቀው በላይ አውቃለሁ ባይ ብሎ ጽፎበታል። አዋጁን ባወጣው ኮንግረስም አብሮት የፈረመው ቤንጃሚን ረሽ «ተቃውሞ አምራች» ይለው ነበር፤ የሌላውን ሐሳብ ይነቅፋል፣ የራሱን ግን እምብዛም አያቀርብም ለማለት። ለጠበቃ ይህ ስድብ ይሁን ሙገሳ እንጃ።

ወረቀቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ የሚያሳይህ የቦስተኑ ግድያ ነው። ማርች 5፣ 1770 ማታ ኪንግ ስትሪት በሚባለው መንገድ የእንግሊዝ ወታደሮች ሕዝብ ላይ ተኮሱ። አምስት ሰው ሞተ። ካፒቴን ቶማስ ፕሬስተንና ስምንት ወታደሮች ተከሰሱ። የንጉሡ ዐቃቤ ሕግ ጆናታን ሱዎል ክሱን አዘጋጅቶ ዞር አለ፤ በዚያ ሰሞን ማን እሳት ውስጥ ይገባል? ክሱን የመከራከሩ ሥራ ለሳሙኤል ኩዊንሲ ወደቀ። የከተማው ሰው በእሱ ብቻ አላመነም፤ ፔይን ተጨመረለት። ለተከሳሾቹ የቆሙት ደግሞ አዳምስና ያ ቅድም ያነሳሁልህ ጆሳያ ኩዊንሲ ናቸው። አዎ፣ ሳሙኤልና ጆሳያ ወንድማማቾች ናቸው። ከሳሹ ሳሙኤል ኋላ የንጉሡን ወገን ይዞ አገር ጥሎ ሄደ፤ ለወታደሮቹ የተሟገተው ጆሳያ ግን የለየለት አርበኛ ነበር።

የፕሬስተን ችሎት ከኦክቶበር 24 እስከ 30 ተሰማ። ያኔ የወንጀል ችሎት ባብዛኛው በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ስለነበር ይህ በጣም ረጅም ነው። ጭብጡ ደግሞ አንድ ነው፦ «ተኩሱ» ያለው ካፒቴኑ ነው ወይስ አይደለም? ምስክሮቹ ተጣረሱ። አንዱ ከአፉ ሰማሁ ይላል፣ ሌላው ሌላ ሰው ነው ይላል። ካፒቴኑ ነጻ ወጣ። የዚህ ችሎት ቃል በቃል የተያዘ ቅጂ አልተረፈልንም። ዛሬ ማን ምን ብሎ እንደመሰከረ የምናውቀው በዋናነት ጠበቆቹ እዚያው ተቀምጠው ከጫሩት ማስታወሻ ነው። የፔይን አለ፣ የአዳምስ አለ። የምስክሩን ስም ይጽፉና ከሥሩ የሰሙትን በቁርጥራጭ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጣሉ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ጠበቃ የሚጽፈው ለአንተ አይደለም። ፔይን ለከሳሹ ወገን የመጨረሻውን ክርክር የሚያቀርበው ሰው ነበር፤ ስለዚህ ጆሮው የሚነቃው ለዚያ ክርክር በሚሆነው ቃል ላይ ነው። አዳምስ ለሌላው። አንዱን ብቻ ካነበብህ ግማሽ ችሎት ነው ያነበብከው። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርጋና አንዱ ጽፎት ሌላው የዘለለውን ቃል ፈልግ። ለኔ ከሥራው ሁሉ የሚጥመው ይሄ ነው። ሌላም ነገር ልብ በል፤ የፕሬስተንን የራሱን ምስክርነት አታገኝም። ጠፍቶ አይደለም። በዚያ ዘመን ሕግ የወንጀል ተከሳሽ ምሎ ለራሱ መመስከር አይችልም ነበር።

የስምንቱ ወታደሮች ችሎት ለየት ይላል። እሱን ጆን ሆጅሰን የሚባል ሰው በአጭር ጽሕፈት ይዞት ታትሟል። ስድስቱ ነጻ ወጡ። ሞንትጎመሪና ኪልሮይ አስቀድሞ ባልታሰበበት ግድያ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ድሮ ለካህናት ይሰጥ በነበረ ልዩ መብት ከሞት ተርፈው አውራ ጣታቸው ላይ በጋለ ብረት ተተኮሱ። የጠበቃ ማስታወሻ ምን ያህል እንደሚታመን ለመፈተን ከፈለግህ ይህን ችሎት ተጠቀም። የታተመውን ከፔይን ማስታወሻ ጋር አመሳክር። እዚህ የሚቆርጠውንና የሚያሳጥረውን ካወቅህ የፕሬስተንን ስታነብ እጁን ትለምደዋለህ።

ርዕስህን አጥብበው ብባል ግን እኔ 1783ን ነው የምመርጥልህ። ኳክ ዎከር የሚባል በባርነት የተያዘ ሰው ከናትናኤል ጄኒሰን ቤት ወጥቶ ሄደ። ጄኒሰን ይዞ ደበደበው። በ1781 የፍትሐ ብሔር ክሶቹ ታዩ፤ አንዱ ጁሪ ለዎከር 50 ፓውንድ ካሳ ፈረደ። ቀጥሎ መንግሥት ራሱ ጄኒሰንን በድብደባ ከሰሰው፤ ዐቃቤ ሕጉ ፔይን ነው። ዋና ዳኛው ዊልያም ኩሺንግ ለጁሪው በሰጠው ማብራሪያ ሰው ሁሉ ነጻና እኩል ሆኖ ይወለዳል የሚለው የ1780 የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ከባርነት ጋር አብሮ አይሄድም አለ። ጄኒሰን 40 ሺሊንግ ተቀጣ። በመዝገቡ ብቻ ብትሄድ ያለህ የ40 ሺሊንግ የድብደባ ቅጣት ነው። ይህን ያህል ትልቅ ነገር መባሉን ያወቅነው ከዳኛው ማስታወሻ ደብተር ነው። ያኔ ታትሞ ስላልወጣ ምን ያህል ሰው ሰማው፣ ባርነትንስ የገደለው እሱ ነው ወይ በሚለው ላይ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። በ1790ው ቆጠራ ማሳቹሴትስ አንድም ባሪያ አላስመዘገበችም። የፔይንም የኩሺንግም ወረቀት ቦስተን፣ በ1791 በተመሠረተው የማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ውስጥ ነው። ተመዝግበህ በነጻ ታነባለህ፤ መሄድ ካልቻልህ ማኅበሩ የፔይንን ወረቀቶች በቅጽ አሳትሟል፣ የቦስተኑን ግድያ ሰነዶችም በድረ ገጹ ላይ አውጥቷል። የፍርድ ቤቶቹ ፋይሎች ደግሞ በግዛቲቱ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ፋይሉን፣ ከዚያ ማስታወሻውን።

ከባድ ነገር የምትችል ከሆነ የ1778ቱ የባትሺባ ስፑነር ጉዳይም አለ። ባሏን ከሦስት ወንዶች ጋር ሆና አስገድላለች ተብላ ተከሰሰች፤ ፔይን ነው የከሰሳት። እርጉዝ ነኝ ብላ ነበር፣ አልታመነችም። ከተሰቀለች በኋላ አስከሬኗ ሲመረመር እውነቷን ሆኖ ተገኘ። እኔ አንብቤው ለብዙ ጊዜ ደብሮኝ ነበር።

አሁን ስለ አነባበቡ። ከ1752 በፊት ባለ ወረቀት ላይ «ፌብሩዋሪ 1750/51» የሚል ብታይ ስህተት አይደለም። እነሱ ዘንድ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር ከጃንዋሪ እስከዚያ ያለውን ቀን በሁለት ዓመት ይጽፉታል። በ1752 ወደ አዲሱ አቆጣጠር ሲዞሩ ከሴፕቴምበር 2 በማግስቱ 14 ሆነ። እኛ በሁለት ካላንደር ተምታተን ያደግን ሰዎች በዚህ አንደነግጥም። «8በር» ካለህ ኦክቶበር ነው እንጂ ኦገስት አይደለም፤ «ኦክቶ» በላቲን ስምንት ማለት ነው። በቃል መካከል ያለው «ኤስ» ደግሞ «ኤፍ» ይመስላል፤ ሁለት ቀን ያስቸግርህና ይለቅሃል።

ገንዘቡ ላይ ግን ቀስ በል። 12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነው። ችግሩ የየትኛው ፓውንድ ነው የሚለው ነው። አንድ የስፔን የብር ዶላር በለንደን ሒሳብ 4 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ፣ በማሳቹሴትስ ሕጋዊ ገንዘብ 6 ሺሊንግ፣ በድሮው የወረቀት ገንዘብ ደግሞ 45 ሺሊንግ ነው። የወረቀቱ ገንዘብ በ1750 ከገበያ ቢነሳም ሰው ከዚያ በኋላም በእሱ ማስላቱን አልተወም። ይህን ሳትለይ «ጠበቃው ይህን ያህል አስከፈለ» ብለህ እንዳትጽፍ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከኖቬምበር 1765 ጀምሮ ለተወሰኑ ወራት የችሎት ወረቀት ቢሳሳብህ የጠፋ አይምሰልህ። የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው የቴምብር ቀረጥ ሕግ የፍርድ ቤት ወረቀት ሁሉ ቴምብር ባለበት ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አዘዘ፣ ቅኝ ግዛቶቹ እምቢ አሉ፣ ፍርድ ቤቶች ተዘጉ። ጠበቆቹም ሥራ ፈተው ተቀመጡ። ሕጉ የተሻረው በማርች 1766 ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ግን አያመልጠኝም። እዚያ ላይ ጠበቃው ሁሉ ትልቅ የሕግ ትምህርት ቤት የጨረሰ ነው። በዚያ በቅኝ ግዛት ዘመንም እንዲህ ነበር?
አንዲት የቤት እመቤት

መልስ፦ እህቴ፣ በጭራሽ። የሕግ ትምህርት ቤት የሚባል አልነበረም። ልጁ አንድ ጠበቃ ቢሮ ይገባና ክስ እየገለበጠ፣ የእንግሊዞቹን ወፋፍራም የሕግ መጻሕፍት እየታገለ ይማራል። ዳኛ ለመሆን ደግሞ ያም ላያስፈልግ ይችላል። በ1760 የማሳቹሴትስ ዋና ዳኛ ሆኖ የተሾመው ቶማስ ሃቺንሰን ነጋዴ ነበር። የፕሬስተንን ጉዳይ ካዩት ዳኞች አንዱ የነበረው ፒተር ኦሊቨርም ሕግ አልተማረም፤ ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ ያለው ሰው ነው። እሱም ኋላ ዋና ዳኛ ሆነ። ደመወዙን ከንጉሡ አልቀበልም እንዲል ቢጠየቅ እምቢ አለ፤ በ1774 የሕዝብ ተወካዮቹ ምክር ቤት ከሰሰው፣ ጁሪ እንዲሆኑ የተጠሩ ሰዎችም እሱ ባለበት አንምልም ብለው ቆሙ። ክሱን እንዲያካሂዱ ከተመረጡት አንዱ ማን መሰለዎት? ያ ተማሪው የጠየቀኝ ፔይን።