ፈቃድ ያለው ውሻ አርቢ ሲባል

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሜሪላንድ ነሽ፣ ኢንተርኔት ላይ ቡችላ አይተሻል። ሻጩ ደግሞ «የዩኤስዲኤ ፈቃድ አለን፣ መንግሥት ይቆጣጠረናል፣ ክፈዪና በአውሮፕላን እንልክልሻለን» ብሎሻል፤ ዩኤስዲኤ የሚለው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርን ነው። ልመነው ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልሽው።

ፈቃዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አንቺ የመሰለሽን ነገር አይመሰክርም።

እኔ አሜሪካ እንደመጣሁ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ሚዙሪ ውስጥ አንድ ትልቅ የውሻ ማርቢያ ነበር። ዓመት ከምናምን ሠራሁ። ጠዋት ጠዋት ቆሻሻ መጥረግ፣ ውሃ መሙላት፣ በበረኪና ማጠብ። ሽታው ሁለቴ ታጥቦም ከልብሴ አይለቅም ነበር። ቦታው ሕጋዊ ነው፣ ፈቃዱ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቡችሎቹ 8 ሳምንት ሲሞላቸው የደላላው ቫን መጥቶ ይጭናቸዋል፤ ከዚያ በታች ማጓጓዝ ሕጉ ይከለክላል። ደላላው ለሱቆች ያከፋፍላል። ገዢ የሚባል ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪዋ መጣች። ሳይናገሩ ነው የሚመጡት። ቢግል ከሚባለው ዝርያ አንዷን ውሻ አስወጣኋት፣ ጭንቅላቷን ቀጥ አድርጌ ያዝኩላት፤ ተቆጣጣሪዋ ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጭራዋ መነሻ ሜትሩን ዘረጋች። 24 ኢንች። ሕጉ 6 ጨምር ይላል፣ 30 ሆነ። 30 በ30 ሲባዛ 900፣ ለ144 ሲካፈል 6.25 ስኩዌር ፊት። ለዚህች ውሻ የሚገባት ወለል ይሄው ነው። ጎንና ጎኑ 76 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ፣ የካፌ ጠረጴዛ የሚያክል ቦታ። ቁመቱ ደግሞ ቆማ ከራሷ በላይ 6 ኢንች ይተርፋት። ተቆጣጣሪዋ ቤቱን ለካች፣ ልክ ነው አለች፣ ጻፈች፣ ወደሚቀጥለው ሄደች። እኔም ቢግሏን መለስኳት። እዚያው ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖረች አላውቅም፤ እኔ ስገባም ነበረች፣ ስወጣም ነበረች።

ያን ዕለት ጥፋት አልተገኘም። መገኘትም አልነበረበትም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ተሟልቷል። ማወቅ ያለብሽ ይህን ነው። የፌዴራሉ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ በ1966 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) የወጣ ነው፤ አርቢዎችን ማካተት የጀመረው በ1970 ማሻሻያው ነው። የሚያስቀምጠው ትንሹን ልክ ነው። ከዚህ በታች ከወረድክ ትጠየቃለህ ይላል እንጂ ከዚህ በላይ ያለው ጥሩ ነው አይልም። ለብቻዋ የታሰረች ውሻ ወጥታ እንድትንቀሳቀስ ያዛል፤ ግን የቤቷ ወለል ከትንሹ ልክ እጥፍ ከሆነ እሱም ግዴታ መሆኑ ይቀራል። ስንት ውሻ ማርባት ይቻላል? ገደብ የለውም። አንዷ እናት ስንቴ ትውለድ? እሱንም አይልም።

ገደብ ለማስቀመጥ ተሞክሮ ነበር፣ እኔው እያለሁ። በኅዳር 2010 የሚዙሪ ሕዝብ ፕሮፖዚሽን ቢ የሚባለውን በድምፅ አሳለፈ፦ አንድ አርቢ ከ50 በላይ የሚወልዱ ውሾች እንዳይዝ። አሠሪያችን ያን ሰሞን ሰላምታም አልነበረውም። ግን ብዙም አልቆየ፤ ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል የክልሉ ምክር ቤት በሚያዝያ 2011 ከለሰው። የ50ው ገደብ ወጣ። እውነቱን ለመናገር በምትኩ የገባው ባዶ አልነበረም፤ ከ2016 ጀምሮ ቤቱ ከቀድሞው ሦስት እጥፍ እንዲሰፋ፣ የሽቦ ወለል እንዲቀር፣ ውሻው እንደልቡ ወደ ውጪ የሚወጣበት እንዲኖረው አስገድዷል። የሕዝቡ ድምፅ ግን ስድስት ወር ሳይሞላው ተለወጠ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ፌዴራሉም ቢሆን ባለበት አልቆመም። በኢንተርኔት ሳያሳይ የሚሸጥ ሰው ድሮ ፈቃድ አይጠየቅም ነበር፤ በ2013 ያ ቀዳዳ ተዘጋ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ እያንዳንዷን ውሻ የእንስሳት ሐኪም በዓመት አንዴ በእጁ መርምሮ ማየት አለበት፣ ውሃም ሁልጊዜ ፊቷ መኖር አለበት። በእኛ ጊዜ በቀን ሁለቴ፣ አንዳንድ ሰዓት ቢቀርብላት ይበቃ ነበር። ፈቃዱ አሁን ለ3 ዓመት ነው፣ ክፍያው 120 ዶላር። አዎ፣ 120። ሻጩ እንደ ዲግሪ ሲያወራልሽ ይህን አስቢ።

ፈቃድ የሌለው ሁሉ ደግሞ ሌባ አይደለም። የሚወልዱ እንስሳቱ 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑና እዚያው የተወለዱትን ብቻ ከሸጠ ፌዴራሉ ፈቃድ አይጠይቀውም። ሳሎኗ ውስጥ ሁለት ውሻ የምታሳድግ ሴትዮ ብዙ ጊዜ ከትልልቆቹ ትሻላለች። ግን ሌላም አለ፦ ገዢ፣ ሻጭና ቡችላው ፊት ለፊት ከተገናኙ፣ መቶ ውሻ ያለውም ከፌዴራል ፈቃድ ነፃ ሊሆን ይችላል። ራስሽ አይተሽ ትፈርጃለሽ ተብሎ ነው። ችግሩ ገዢው የሚያየው ቡችላውን ነው፤ እናቲቱን አይደለም።

እኔ ደግሞ የምልሽ እናቲቱን እዪ ነው። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባል የለ? ውሻ ላይም ይሠራል። እንግሊዞች ይህን ሕግ አድርገውታል፤ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ከ6 ወር በታች ያለ ቡችላ በደላላም በሱቅም አይሸጥም፣ ገዢው ከተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር ማየት አለበት። የሉሲ ሕግ ይሉታል፤ የኛዋን ድንቅነሽን ሳይሆን፣ ከማርቢያ የዳነች አንዲት ካቫሊየር ውሻን ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ የፌዴራል ሕግ የለም። ክልሎች በየፊናቸው ነው የሚሄዱት፤ ካሊፎርኒያ ከ2019፣ ያንቺው ሜሪላንድ ከ2020፣ ኒውዮርክ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ሱቆች ውሻ እንዳይሸጡ ከልክለዋል። ሱቁ ቢዘጋም ስልክሽ ላይ ያለው ሻጭ ግን አለ።

ስለዚህ የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቂው። ካመነታ በቃ፣ ተዪው። ከሰጠሽ በዩኤስዲኤ ድረ ገጽ ላይ የቁጥጥር ሪፖርቱ በነፃ ይገኛል። በ2017 አንስተውት ነበር፣ ብዙ ጩኸት ተጮኸና ተመለሰ። አንድ ጊዜ የተጻፈ ጥፋት አያስደንግጥሽ፤ የተሰበረ በርም ይጻፋል። ያው ጥፋት ሲደጋገም፣ ወይም ሐኪም ያላየው ቁስልና የተጎዳ ዓይን ሲጠቀስ ነው መሸሽ ያለብሽ። ከዚያ «መጥቼ እናቷን ልይ» በዪው። «መንገድ ላይ አንድ ፓርኪንግ እንገናኝ» ካለሽ መልሱን አግኝተሻል።

ቁጥሩ እጅሽ ከገባ እዚሁ ጻፊው። ሪፖርቱ ረጅም ነው፣ ቋንቋውም ደረቅ ነው፤ ማታ ከሥራ ስወጣ አብረን እናነበዋለን።